ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ሴንሰሩ ግን የት ተለጠፈ?

ባሕር ዳር ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። በየሰፈሩ ወፍጮ ቤት አለ። በጣና ዳርና በዓባይ ግራና ቀኝ ፓምፖች አትክልት ያጠጣሉ። እንጨት ቤቱም ዳቦ ቤቱም ሞተር ያዞራል። ይህን ሁሉ የሚንከባከበው መካኒክ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው እጁና ጆሮው ነው፤ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ኩሽኔታው ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም፤ የተበላሸ ኩሽኔታ በዚህ መንገድ በደንብ ይታወቃል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የተሰማውን ከሦስት ወር በፊት ከተሰማው ጋር በቁጥር ማስተያየት።

ይህን የንዝረት ቁጥር የሚያወጣው ሶፍትዌር ከጠፋ ችግሩ የዋጋ አይደለም። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን፣ ከሒሳብና ከሥዕል ጥቅሎቹ ከናምፓይ፣ ከሳይፓይና ከማትፕሎትሊብ ጋር አለ። ማትላብ የሚባለውን የሚሸጥ የስሌት ፕሮግራም ለለመደ ኦክታቭ አለ። ድምፅ ለመቅዳት ኦዳሲቲ፣ ለስልክ ደግሞ ፋይፎክስ። ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ፣ ኮዳቸውም ክፍት ነው። በውስጣቸው የሚሠራው፣ ንዝረቱን ወደ ድግግሞሽ ክፍሎቹ የሚበትነው ፈጣን ፉርየር ትራንስፎርም ተመራማሪዎቹ ኩሊና ተኪ በ1965 ካሳተሙት ዘዴ የመጣ ነው፤ በሺህ ዶላር የሚሸጠው የንዝረት መለኪያም የሚሠራው በዚያው ሒሳብ ነው። ውዱ መሣሪያ የሚበልጠው በሴንሰሩ፣ በማጣሪያውና በማያያዣው ነው። እንግዲህ በነፃ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ጭንቀቱን ማዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው፤ ሶፍትዌሩ የገባለት ነገር ቆሻሻም ቢሆን የሚያምር መስመር አድርጎ ያወጣዋልና።

ስለ መጫኑ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ሰዓት የፓይተን ፓኬጆችን አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይገባል፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆሞ ማውረድ አይታሰብም። ኦክታቭ ላይ የሲግናል ፓኬጁ ለብቻው የሚጫን ነው፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥርም መጠራት አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው «ተግባሩ አልተገኘም» የሚለውን መልእክት እያየ ግማሽ ቀን ያጠፋል።

ለጀማሪ የሚሻለው ፋይፎክስ ነው። በጀርመን የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2016 የወጣ አፕ ሲሆን የስልኩን አክስለሮሜትር (አክስለሬሽንን፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥን የሚለካ ሴንሰር) ንባብ ቀድቶ ሲኤስቪ በሚባል የቁጥር ሠንጠረዥ ፋይል ያወጣል። ሁለት ዓይነት ንባብ አለው፤ የመሬት ስበት ያለበትና የሌለበት። ለማሽን የሚወሰደው ስበት ያለበት ነው። ስበት የሌለበት የሚባለውን ስልኩ ራሱ ከሌሎች ሴንሰሮች ጋር አቀላቅሎ የሚያሰላው ስለሆነ በመካከል ምን እንደተጣራ አይታወቅም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ባሕር ዳር ላይ 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከዚያ ብዙ ከራቀ የቁጥሩን መጠን ማመን ይከብዳል። አፑ ጊዜ ቆጥሮ ራሱ የሚጀምርበትና የሚያቆምበት አማራጭ አለው፤ እሱን መጠቀም ነው። ቁልፉን በጣት መጫን በራሱ ፋይሉ ውስጥ ትልቅ ምት ሆኖ ይገባል። ደግሞም ውድ ስልክ ኃይለኛ ንዝረት ላይ አይቀመጥም። አፕል ራሱ በ2021 ከፍተኛ የሞተር ብስክሌት ንዝረት የካሜራውን ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

የስልኩ ትልቅ ድክመት በሰከንድ የሚወስደው የናሙና (የነጠላ ንባብ) ብዛት ነው። ብዙ ስልኮች ከ100 እስከ 500 ድረስ ይወስዳሉ። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ደግሞ ልዩ ፈቃድ ያልጠየቀ አፕ ከ200 አያልፍም። በሰከንድ 200 ናሙና ማለት በእርግጠኝነት የሚታየው ከ100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ንቅናቄ) በታች ያለው ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቢጠፋ ባልከፋ ነበር፤ ክፋቱ ሳይጠፋ ቦታ ቀይሮ ብቅ ማለቱ ነው። ምሳሌ፦ በደቂቃ 2,900 ዙር የሚዞርና ውሃውን የሚገፋው መዘውር፣ ኢምፔለሩ፣ 6 ክንፍ ያለው ፓምፕ በ290 ሄርዝ ይንቀጠቀጣል። በ200 ናሙና ሲቀዳ ይህ ንዝረት 90 ሄርዝ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል፤ ፓምፑ ውስጥ ግን 90 ሄርዝ የሚባል ምንም የለም። ማጋለጫው ቀላል ነው። የናሙናውን ፍጥነት ለውጦ እንደገና መቅዳት ነው። በ250 ናሙና ያው ጉብታ 40 ላይ ይወርዳል። እውነተኛ ጉብታ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ከስልክ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ርካሽ ሴንሰርና አነስተኛ ቦርድ ነው። ኤምፒዩ-6050 የሚባለው ሴንሰር በሰከንድ 1,000 የአክስለሬሽን ናሙና ይሰጣል፤ የውስጥ ማጣሪያው ግን ሰፊ ሲደረግ እንኳ 260 ሄርዝ ላይ ስለሚቆርጥ ከዚያ በላይ ያለውን ለማየት አይሆንም። ለባላንስ መዛባት፣ ለመስመር መሳት፣ ለላላ ብሎንና ለቺንጋ ይበቃል። ሌላው ሴንሰር ኤዲኤክስኤል345 እስከ 3,200 ናሙና ይደርሳል፤ ለዚህ ግን ኤስፒአይ በሚባለው ፈጣን መስመር መገናኘት አለበት፣ በዝግተኛው በአይስኩዌርሲ መስመር አይችለውም። ራሱ ውስጥ 32 ናሙና የሚይዝ ማቆያ ስላለው በሙሉ ፍጥነት በ10 ሚሊሰከንድ ይሞላል። ትንሿ ኮምፒውተር ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ያለው ሊኑክስ በሌላ ሥራ ተጠምዶ ከዚያ ከዘገየ ናሙና ይጠፋል፣ ፋይሉ ግን ምንም አይናገርም። የኤስዲ ካርድም ያው ነው፤ ሲጽፍ ለአፍታ ይቆማል። መፍትሔው ሁለት ማቆያ ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጻፋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥቅል የሰዓት ምልክት መመዝገብ ያሻል። ሴንሰሩ «3,200» ቢልም የውስጥ ሰዓቱ ትንሽ ሊያፈነግጥ ይችላል። 2 በመቶ ቢያፈነግጥ 24 ሄርዝ ላይ ግማሽ ሄርዝ ያህል ስህተት ይሆናል፤ ሁለት የተጠጋጉ ጉብታዎችን ለመለየት ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ የተቀዱትን ናሙናዎች ቆጥሮ በፈጀው ሰከንድ ብዛት ማካፈልና የተገኘውን ቁጥር ለፓይተን መስጠት እንጂ የዳታሺቱን (የአምራቹን መግለጫ) ቁጥር መጻፍ አይገባም።

አሁን ወደ ማያያዣው፤ ሰው ቶሎ የሚያልፈው ቦታ ይህ ነው።

ሴንሰሩ የሚቀመጠው ኩሽኔታው ያለበት ወፍራም የብረት ቤት ላይ ነው። የሞተር ማራገቢያ ሽፋን ላይ፣ የቺንጋ መከለያ ላይ፣ የወፍጮው የዱቄት መውረጃ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር የሚለካው የላሜራውን መርገብገብ ነው። ቦታው ከተመረጠ በኋላ ቀለሙና ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ግራሶው በቤንዚን ተጠርጎ ይደርቃል። ትንሽ የአልሙኒየም ቁራጭ በሱፐር ግሉ ይለጠፋል፣ የሴንሰሩ ቦርድ በአራቱም ማዕዘን በብሎን እሱ ላይ ይታሰራል። በሁለት ብሎን ብቻ የታሰረ ቦርድ ነፃው ጫፉ ለብቻው ይርገበገባል። ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር በፍጹም አይሆንም፤ ለስላሳው ነገር ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይውጥና በመካከል የራሱን ሬዞናንስ (በራሱ ድግግሞሽ የሚጎላ ንዝረት) ይጨምራል። ጠንካራ ማግኔት በጠፍጣፋና በጸዳ ብረት ላይ እስከ 2,000 ሄርዝ አካባቢ ያስኬዳል። በእጅ የተያዘ ሴንሰር ግን ጥቂት መቶ ሄርዝ ካለፈ አይታመንም፣ በሌላ ቀንም ያንኑ ቁጥር አይደግምም። ገመዱ ከሴንሰሩ 5 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ማሽኑ ላይ መታሰር አለበት፤ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ገመድ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ጉብታ ይሠራል።

ማሽኑ ቆሞ ይለጠፋል፣ ከዚያ ይነሳል። የሚዞር ቺንጋ አጠገብ ነጠላና ጋቢ ይወልቃል።

የሴንሰሩን ንባብ መጠን መፈተሽ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከመለጠፉ በፊት ሴንሰሩን አንዱን ዘንግ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች አድርጎ ማንበብ ነው፤ ልዩነቱ በትክክል 2 ጂ (የመሬት ስበት ሁለት እጥፍ) መሆን አለበት። ኤምፒዩ-6050 በ±2 ጂ ክልል ለ1 ጂ 16,384 ቁጥር ይሰጣል። ክልሉን ወደ ±8 ጂ ቀይሮ ማካፈያውን ወደ 4,096 ያልቀየረ ሰው ንዝረቱን አራት እጥፍ አሳንሶ ያያል። ክልሉ መስፋቱ ግን ያስፈልጋል። የወፍጮ ድንጋይ አጠገብ የሚደርሰው ምት ከ2 ጂ ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ስፔክትረሙ (የድግግሞሹ ሥዕል) ላይ የሌሉ ብዜቶች (የዋናው ድግግሞሽ ሁለት፣ ሦስት እጥፍ) ይወልዳል። ሰው ይህን አይቶ «መሠረቱ ላልቷል» ብሎ ደህናውን ብሎን ያጠብቃል።

የማሽን ሁኔታ የሚመዘነው በአክስለሬሽን ሳይሆን በፍጥነት ነው፤ በሚሊሜትር በሰከንድ፣ አርኤምኤስ በሚባለው የአማካይ ስሌት። አይሶ 10816-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለአነስተኛ ማሽኖች፣ እስከ 15 ኪሎዋት ማለትም 20 ፈረስ ጉልበት ድረስ፣ ድንበሮቹን 0.71፣ 1.8 እና 4.5 ላይ አድርጓል። እስከ 0.71 አዲስ ማሽን የሚገኝበት ነው፣ ከ4.5 በላይ ማሽኑን የሚጎዳ ነው። በ2016 በአይሶ 20816-1 ተተክቷል፤ እነዚህ ቁጥሮች ግን አሁንም ጥሩ መነሻ ናቸው። የድንጋይ ወፍጮና የናፍጣ ሞተር በዚህ ሠንጠረዥ ልክ የሚፈረድባቸው አይደሉም፤ ለእነሱ የሚበጀው ከራሳቸው ያለፈ ልኬት ጋር ማስተያየት ነው።

አክስለሬሽን ወደ ፍጥነት የሚለወጠው በየድግግሞሹ፣ ድግግሞሹ በ2ፓይ (6.28) ተባዝቶ በተገኘው ቁጥር በማካፈል ነው። የርካሽ ሴንሰር ፈተና እዚህ ይመጣል። ዝቅተኛ ድግግሞሽ በትንሽ ቁጥር ስለሚካፈል እዚያ ያለው የሴንሰሩ የራሱ ጫጫታ ያብጣል። ኤምፒዩ-6050 ጫጫታው በዳታሺቱ መሠረት 400 ማይክሮ ጂ በስኩዌር ሩት ሄርዝ ነው። ይህን ከ1 ሄርዝ ጀምሮ ወደ ፍጥነት ብንለውጠው ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሴንሰር 0.62 ሚሊሜትር በሰከንድ «ይንቀጠቀጣል»፤ የአዲስ ማሽን ድንበር 0.71 መሆኑን አስታውሱ። ከ10 ሄርዝ በታች ያለውን ቆርጠን ብንለውጠው 0.2 ብቻ ይሆናል። የአይሶው መለኪያ ራሱ ከ10 እስከ 1,000 ሄርዝ ያለውን ስለሚጠይቅ መቁረጡ ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም ከመቁረጥ በፊት ጥሬውን ማየት ይገባል፤ ምክንያቱ ቺንጋው ነው።

የተለመደ ወፍጮ እንውሰድ። ባለ አራት ፖል ሞተር በእኛ 50 ሄርዝ መብራት 1,450 ዙር በደቂቃ ይዞራል እንበል፤ 24.17 ሄርዝ ነው። የሞተሩ ፑሌጃ ዲያሜትር 150 ሚሊሜትር፣ የወፍጮው 350፣ የቺንጋው ርዝመት 3 ሜትር ይሁን። የወፍጮው ዘንግ በ10.36 ሄርዝ ይዞራል። ቺንጋው ራሱ አንድ ዙር የሚጨርሰው በሰከንድ 3.8 ጊዜ ነው። እንግዲህ የቺንጋ ጉዳት 3.8፣ 7.6፣ 11.4 ላይ ይወጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የ10 ሄርዙ ማጣሪያ ይበላቸዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከወፍጮው ዘንግ በ1 ሄርዝ ብቻ ይርቃል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ቺንጋ መቀየር ሲገባው ድንጋዩን አውርዶ ሊወቅር ይነሳል።

ለመለየት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። በሰከንድ 1,000 ናሙና ከሆነ 60 ሰከንድ ይቀዳል። የሳይፓይን «ዌልች»፣ ቀረጻውን ቆራርጦ የቁራጮቹን ስፔክትረም አማካይ የሚያወጣውን ተግባር፣ በ4,096 ናሙና ቁራጭ ማስኬድ ነው፤ በነጥብና በነጥብ መካከል 0.244 ሄርዝ ይሆናል፣ 28 ቁራጮችም አማካይ ይወጣላቸዋል። የቁራጩን ጫፎች የሚያለሰልሰው የሀን መስኮት አንድን ጉብታ ወደ አራት ነጥብ ስለሚያሰፋው 1 ሄርዝ ልዩነት በዚህ ልክ ይለያል፣ ከዚህ ባነሰ አይለይም። አንድ ማሳሰቢያ፤ «ዌልች» ካልተነገረው በስተቀር የሚያወጣው የኃይል ጥግግት (ለእያንዳንዱ ሄርዝ የሚደርሰው ኃይል) ነው። የአንድን ጉብታ መጠን ለማንበብ «ስፔክትረም» የሚለው ስሌት ይመረጥና ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፤ የሚገኘው አርኤምኤስ ነው። ጫፉን የሚፈልግ በ1.414 ያባዛል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ወፍጮ ተከራክረው ልዩነታቸው 1.4 አካባቢ ከሆነ የተጣሉት በዚህ ነው።

ማሽኑ በባዶና እህል እየፈጨ ለየብቻ ይለካል። የዙሩን ፍጥነት ከሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ብቻ መውሰድ ደግሞ አይበቃም። ቮልቴጁ ወርዶ ጭነት ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቺንጋም ይንሸራተታል። የሁለቱ ዘንጎች ጉብታ ጥምርታ ከፑሌጃዎቹ ጥምርታ ጋር ካልገጠመ መንሸራተት አለ ማለት ነው፤ ይህን ስፔክትረሙ በነፃ ይነግራል።

የመብራት ንዝረትንና የሜካኒክ ንዝረትን ለመለየት ከሁሉም የሚሻለው እየቀዱ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ከመብራቱ የመጣው የ100 ሄርዝ ጉብታ በቅጽበት ይሞታል፤ ከዘንጉ የመጣው ከፍጥነቱ ጋር እየወረደ ይሄዳል። እየወረደ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቢያድግ እዚያ ሬዞናንስ አለ። የቆመውን ማሽን በእንጨት መዶሻ አንድ ጊዜ መትቶ መቅዳት ያንኑ ድግግሞሽ ያረጋግጣል። መብራት እንደ ልቡ በሚሄድበት ሰፈር ይህን ሙከራ ለማድረግ ማጥፊያውን መንካትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ቀረጻው ክፍት ሆኖ መቆየት ብቻ ነው።

ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ ሌላ ነገር ይገጥማል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ውሃን የሚገፋው በ8.3 ሜትር ልክ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 10.3 ይሆን ነበር። ከዚህ ላይ ለውሃው ትነት 0.3፣ ለመሳቢያ ከፍታ 4፣ ለቧንቧው ሰበቃ 1 ሜትር ቢቀነስ የሚቀረው 3 ሜትር ብቻ ነው። ፓምፑ መግቢያው ላይ 3 ሜትር ግፊት የሚጠይቅ ከሆነ መጠባበቂያ የለውም። እምቦጭ ማጥለያውን ሲሸፍነው ውሃው ኢምፔለሩ ላይ በግፊት ማነስ መፍላት ይጀምራል። ድምፁ ጠጠር የገባ ይመስላል። ስፔክትረሙ ላይ የሚያሳየው ነጠላ ጉብታ አይደለም፤ ከፍ ካለው ድግግሞሽ በኩል ወለሉ በሙሉ ይነሳል። ይህን አይቶ ኩሽኔታ የሚያዝዝ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። መጀመሪያ ማጥለያው ይጸዳ፣ ቀጥሎ መውጫው ቫልቭ ትንሽ ይዘጋ፤ ወለሉ ከወረደ ጥፋቱ ከመሳቢያው በኩል ነው።

የናፍጣ ፓምፕ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ባለ አንድ ሲሊንደር አራት ስትሮክ ሞተር በ1,500 ዙር ሲሠራ 25 ሄርዝ ላይ ይዞራል፣ የሚተኩሰው ግን በሁለት ዙር አንዴ፣ 12.5 ላይ ነው። የዙሩ ግማሽ ላይ ያለ ጉብታ በኤሌክትሪክ ሞተር የመላላት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን የሞተሩ ጤነኛ ትንፋሽ ነው።

ኩሽኔታ በስልክና በኤምፒዩ-6050 ቀድሞ አይያዝም። ምልክቱ የሚጀምረው በሺዎች ሄርዝ ነው። ርካሹ መንገድ ከቡዘር የሚወጣ 27 ሚሊሜትር የፒኤዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ) ክብ ነው፤ በሱፐር ግሉ ለጥፎ ወደ ድምፅ ካርድ ማስገባትና በኦዳሲቲ በ48,000 ናሙና መቅዳት። መጠኑ አይታወቅም፣ ከ20 ሄርዝ በታች ያለውንም ድምፅ ካርዱ ይቆርጠዋል፤ ድግግሞሹ ግን ትክክል ነው። የስልክ ማይክራፎን ድምፁን ራሱ ስለሚያስተካክል ለዚህ አይመከርም። የተቀዳው ከ2,000 እስከ 6,000 ሄርዝ ይጣራል፣ በ«ሂልበርት» ተግባር ኤንቨሎፑ (የሞገዱ የውጭ ቅርጽ) ይወጣል፣ አማካዩ ይቀነሳል፣ ከዚያ «ዌልች» ይሠራበታል። 6205 የሚባለው ኩሽኔታ 9 ኳስ አለው፤ የውጭ ቀለበቱ ጉዳት በዙሩ 3.585 እጥፍ፣ የውስጡ በ5.415 እጥፍ ይወጣል። በ1,450 ዙር 86.6 እና 130.9 ሄርዝ ነው።

ኮዱ ትክክል መሆኑን በራስ ማሽን ላይ መማር አያስፈልግም። በአሜሪካ የኬስ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ሆን ተብለው የተጎዱ ኩሽኔታዎችን ቅጂ በነፃ አስቀምጧል። የሞተሩ ዋና ኩሽኔታ 6205 ነው፣ ያለ ጭነት 1,797 ዙር ይዞራል። የውስጥ ቀለበት ጉዳት ያለበትን ፋይል በተጻፈው ኮድ ሲያስኬዱ 162.2 ሄርዝ ላይ ካልወጣ ስህተቱ ኮዱ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ የፋይሉ ስም። ማሽኑ፣ የተለጠፈበት ኩሽኔታ፣ አቅጣጫው፣ ቀኑ፣ ጭነቱ፣ እውነተኛው የናሙና ፍጥነት፣ የሴንሰሩ ክልል። ጥሬው ሲኤስቪና የተጠቀሙበት ኮድ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ፤ ሥዕሉን ብቻ ያስቀመጠ ሰው ምንም አላስቀመጠም። የሐይቅ ዳር ፓምፕ ላይ መነሻ ልኬቱ ሁለት ይሁን። ጣና ከክረምት ማግስት በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል፤ ያ ሁሉ በመሳቢያው ከፍታ ላይ ይጨመራል። በጥቅምት የተለካ ፓምፕ በግንቦት ቢያጓራ ከጥቅምቱ ቁጥር ጋር ማስተያየት ያሳስታል። ዋልካ ላይ የቆመ ወፍጮም እንዲሁ ነው። አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የፑሌጃዎቹ መስመርም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ መስመሩ በገመድ ተይዞ ከተስተካከለ በኋላ በነሐሴና በየካቲት ይለካል።